ዋይ ማለት ወዳጅ ማለት ነው፦ ስድስት ቀን በኢባኖች አገር

አንደኛ ቀን

ከኩዋላ ላምፑር እስከ ኩቺንግ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። ያው አንድ አገር ነው ብዬ ፓስፖርቴን ከሻንጣዬ ሥር ቀብሬው ነበር። ጉድ ፈላ። ሳራዋክ የራሷ የኢሚግሬሽን መስኮት አላት። ከዋናው ምድር የሚመጣ ማሌዥያዊ እንኳ መታወቂያውን ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ማሌዥያ ስትመሠረት ሳራዋክ ይዛው የገባችው መብት ነው። ከኋላዬ የተሰለፈውን ሁሉ አስቁሜ፣ ካልሲና ቻርጀር ወለሉ ላይ ዘርግፌ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ አለፍኩ።

ለምን እንደመጣሁ ልንገራችሁ። እንጀራዬ ድምፅ ነው። አዲስ አበባ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ የሰው ንግግር ስቆርጥና ስቀጥል ነው የምውለው። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ኩዋላ ላምፑር ተላክሁና፣ አብሮኝ የሚሠለጥን አንድ የሳራዋክ ልጅ፣ ምሳ ላይ ስለ አያቶች ወሬ ተነስቶ፣ "የእኛ አያቶች ተረት ሬዲዮ ውስጥ ነው ያለው" አለኝ። ዝም ብሎ ነው ያለው፤ ሩዙን እየበላ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የእኔ አያት ተረት የትም የለም። እሷ ስታርፍ አብሮ ተቀበረ። ያን ጊዜ እኮ መቅረጫ በእጄ ይዤ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ድምፅ ስሰበስብ የምዞር ጎረምሳ ነበርኩ። የእሷን መቅዳት ትዝ አላለኝም። ሥልጠናው ሲያልቅ ስድስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ልጁም ቤተሰብ ሊጠይቅ ስለነበር "ና አብረን" አለኝ።

ልጁ ኢባን ነው። በሳራዋክ ካሉት ብሔረሰቦች በቁጥር ትልቁ የእነሱ ነው። ቦርኒዮ ደሴት ላይ፣ በየወንዙ ዳር፣ መንደሩ በሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት ረጅም ቤት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ብዙው ከተማ ገብቷል።

ከኤርፖርት በወንድሙ መኪና ነው የወጣነው። ሬዲዮው ተከፍቷል። አንዲት ሴት በፈጣን ቋንቋ ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ከዚያ ጣቢያውን ትጠራለች፦ ዋይ ኤፍ ኤም። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኛ አገር ዋይ የሚባል ሬዲዮ ቢኖር ከጠዋት እስከ ማታ ሙሾ ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። ስነግረው እሱም መሪውን እስኪለቅ ሳቀ። በኢባን ቋንቋ "ዋይ" ማለት "ወዳጄ"፣ "አንተ ጓደኛዬ" ማለት ነው አለኝ። ጣቢያው የመንግሥት ሲሆን በኢባንና በሌሎች የሳራዋክ ቋንቋዎች ነው የሚናገረው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁን ዋይ እያልኩ ጠራሁት። እሱም እኔን። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ዋይ ይበቃዋል።

ስለ ኩቺንግ ብዙ የምለው የለኝም። የድመት ከተማ ናት። አደባባዩ ላይ የድመት ሐውልት ቆሟል። ደክሞኝ ነበር፤ ተኛሁ።

ሁለተኛ ቀን

ጠዋት እ.ኤ.አ. በ2022 ወደተከፈተው የቦርኒዮ ባህሎች ሙዚየም ገባን። ትልቅ ነው፤ አንድ ቀን አይበቃውም። እኔ ግን አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ፊት ተገትሬ ቀረሁ። ፓፓን ቱራይ ይሉታል። ላዩ ላይ ትናንሽ ምልክቶች ተቀርጸዋል። ለማምባንግ የሚባሉት ባለዜማዎች በትልልቅ በዓላት ሌሊቱን ሙሉ የሚወርድ ዜማ በቃላቸው ያዜማሉ፤ ይህች እንጨት የት እንደደረሱ እንዳይጠፋቸው የምታስታውሳቸው ናት። ፊደል አይደለችም። ከፊደል ጋር ግን ዝምድና አላት። ዋይ እንዲያውም ሌላ ነገር ነገረኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1947 ዱንጊንግ አናክ ጉንጉ የሚባል ሰው ለኢባን ቋንቋ የራሱን ፊደል ፈጥሮ ነበር። ሳይስፋፋ ቀረ፤ ዛሬ የሚጽፉት በላቲን ነው። እኔ በራሱ ፊደል ከሚጽፍ አገር መምጣቴን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፣ ሲነግረኝ ፊቴን ያይ ነበር። ምን እንደምመልስለት ጠፋኝና ዝም አልኩ።

ከዚያ ወደ እናቱ አጎት ሄድን። ድሮ የኢባን ሬዲዮ ሰው ነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አንድ የቻይኖች ቡና ቤት ቀጠሩን። እዚያ ሦስት ቀለም ያለው ሻይ ይሸጣል፦ ከሥር ጥቁር የዘንባባ ስኳር፣ ከመሃል ወተት፣ ከላይ ሻይ፣ በበረዶ። እንደ ስፕሪስ ተደርድሮ ሲመጣ ያምራል። ሽማግሌው ግን ገና ሳያዩት በማንኪያ በጠበጡት።

ልጁ "አኪ" ስለሚላቸው እኔም አኪ አልኳቸው። አያቴ እንደማለት ነው።

ራዲዮ ሳራዋክ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ ሳራዋክ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ሲያቋቁሙት ቢቢሲዎች አግዘዋል። በእንግሊዝኛ፣ በማላይ፣ በቻይንኛና በኢባን ነበር የሚያስተላልፈው። ኢባን ከመጀመሪያው አለበት ማለት ነው። አኪ እዚህ ላይ ጣታቸውን አነሱ። "ለፍቅራችን ብለው እንዳይመስልህ" አሉኝ። "መንግሥት ረጅም ቤት ድረስ የሚገባ አፍ ፈልጎ ነው። ስለ ወባ፣ ስለ ጎማ ዛፍ፣ ስለ ትምህርት ቤት ሊያወራ። ስለ ወባ ብቻ ብናወራ ግን ማን ይሰማናል? ተረት አስገባንበት።"

ተረቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ በደንብ ካልገባችሁ የሚቀጥለው አይገባችሁም። አንደኛው አጭሩ ነው፤ የእንስሳቱና የሞኙ ሰውዬ ተረት፣ ልጆች የሚስቁበት። ሌላው እንሰራ ይባላል። ይኼኛው የጀግኖች ነው። ፓንጋው ሊባው የሚባል፣ በዓይን የማይታይ አገር አለ። እዚያ ኬሊንግ አለ፤ ደፋር፣ ቆንጆ፣ ሲፈልግ መልኩን የሚለውጥ። ኩማንግ የምትባል ሚስት አለችው፤ ኢባን ሴት ልጅን "ኩማንግ መሰልሽ" ካላት ከዚያ በላይ ሙገሳ የለም። የእነሱ ታሪክ ግማሹ ይወራል፣ ግማሹ ይዜማል፤ አንዱ ታሪክ ብቻ ከአንድ ሌሊት በላይ ይወስዳል።

"እና አኪ፣ ይኼን በግማሽ ሰዓት ፕሮግራም እንዴት አስገባችሁት?"

"ቆረጥነዋ!" አሉኝ። እንደ ሥጋ ሻጭ በእጃቸው እያሳዩ።

እኔ መቁረጥ ሥራዬ ስለሆነ ጆሮዬ ቆመ። አንድ ጊዜ ከወንዝ ራስ አንድ ታዋቂ ተራች አምጥተው ስቱዲዮ አስገቧቸው አሉ። ሰውየው ሲተርቱ ረጅም ቤት ሙሉ ሰው እያዛጋም ቢሆን ሌሊቱን የማይነሳላቸው ነበሩ። ማይክ ፊት አስቀመጧቸው፣ በሩን ዘጉት፣ ቀይዋን መብራት አበሩ። ሰውየው ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና አቆሙ። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና አቆሙ። ታመሙ ወይ ብለው ገብተው ሲጠይቋቸው፣ "ማን ነው የሚሰማኝ?" አሉ። ግድግዳው እኮ እንቁላል ማስቀመጫ የመሰለ ነው፤ ድምፅ ይውጣል እንጂ አይመልስም። እንግዲህ አኪ ራሳቸው ገብተው ጉልበታቸው ሥር ቁጭ አሉ። ድምፅ እንዳያወጡ በአፋቸው ሳይሆን በራሳቸው እየነቀነቁ "ከዚያስ?" ይሏቸው ጀመር። ሰውየው ያኔ ተለቀቁ።

"ሬዲዮ የሰማው ሰው የእሳቸውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያውቀው" አሉኝ አኪ። "የእኔ ራስ አይሰማም።"

ይኼን ሲሉ ማስታወሻ መጻፍ አቆምኩ። እኛ "ተረት ተረት" ስንል "የላም በረት" የሚል ከሌለ ተረቱ አይጀመርም። እኔ ስቱዲዮ ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ ሳል፣ እህታ፣ "እህ" እያልኩ ስቆርጥ ኖሬያለሁ። ንጹህ ድምፅ እንላለን። ሆዴን አንድ ነገር ቆረጠኝ።

አኪ ብዙ አወሩ። ከሳሪባስ ወንዝ የመጡ ጋዜጠኞች ስለበዙ የሬዲዮው ኢባንኛ ወደ እነሱ አነጋገር አዘንብሎ ነበር፤ የሌላ ወንዝ ሰው ሲሰማ እየሳቀም እየተናደደም ይለምደዋል። በጎን ደግሞ የቦርኒዮ ሥነ ጽሑፍ ቢሮ የሚባል ነበር፤ በኢባን የተረት መጻሕፍት ያሳትም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ግን ወደ ብሔራዊው የቋንቋ ድርጅት ተጠቀለለ። ዛሬ ኩቺንግ ውስጥ የቱን ጁጋ ፋውንዴሽን አለ፤ የቃል ታሪኩን እየቀዳ፣ በጽሑፍ እያወጣ ያስቀምጣል። ስሙን ያገኘበት ጁጋ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ትልቅ አለቃ ነበር፤ የማሌዥያን ስምምነት ከፈረሙት አንዱ ነው። ከሰዓት እዚያ ጎራ ብለን ፑዋ ኩምቡ የሚሉትን የጥበብ ሥራ አየን። ሴቶች በህልማቸው አይተው የሚሸምኑት ጥለት አለ ይባላል። ቀዩ ቀለም ልብ ያስደነግጣል።

ሦስተኛ ቀን

ከኩቺንግ እስከ ባታንግ አይ ግድብ በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰሪያን ከተማ ላይ ዱሪያን የሚባለው ሽታው ጎረቤት የሚያስቀይም ፍሬ ሐውልት ተሠርቶለታል። ላቻው ላይ ቆመን ስጦታ ገዛን፤ ባዶ እጅ አይገባም፣ እንደኛው ነው። ስኳር፣ ቡና፣ ብስኩት፣ ለልጆች ደብተር። ዋይ ብስኩቱን በብዛት ሲገዛ በዛ አልኩት። "ስንት በር እንደሆነ አታውቅም?" አለኝ። ረጅም ቤት በሰው አይቆጠርም፣ በቤት ቁጥርም አይደለም፤ በበር ነው። የእነሱ 22 በር ነው። እያንዳንዱ በር አንድ ቤተሰብ።

ግድቡ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ውኃው ሲሞላ ብዙ ረጅም ቤቶች ከሥሩ ቀርተዋል፣ ሰዉ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሰፍሯል። የሐይቁ ዳርና ዳር ላይ የደረቁ ዛፎች ራሳቸውን ብቅ አድርገው ቆመዋል። ጀልባዋ ቀጭን፣ ረጅም፣ ቁመቷ ከወገቧ ጋር የማይመጣጠን ነገር ናት። ከኋላ አንዱ ሞተሩን ይይዛል፤ ከፊት ሌላው በአጣና ድንጋይ እየፈተሸ ይመራል። ሐይቁ አልቆ ወንዙ ሲጠብ የፊተኛው ድንገት እጁን አነሳ። ወፍ ነው የሰማው። ኢባኖች ሰንጋላንግ ቡሮንግ የሚሉት አምላክ አላቸው፤ አማቾቹ ሁሉ ወፎች ናቸው። ድሮ እርሻ ከመጀመር፣ መንገድ ከመውጣት በፊት የእነሱን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። በስተግራ ወይስ በስተቀኝ ጮኸች? ትርጉሙ ይለያያል። ዋይን ወፏ ምን አለች ብዬ ስጠይቀው "ነዳጅ አልቋል አለች" አለኝና ሁሉም ሳቁብኝ።

ቤቱ ደረስን። እንዴት ልግለጸው... አንድ ሰፈር ሙሉ ጎን ለጎን ተሰፍቶ ከፊት ለፊቱ አንድ የማያልቅ በረንዳ ቢሰጠው። በረንዳው ጣሪያ ሥር ነው፤ ሩዋይ ይሉታል። የጋራ ነው። ጨዋታውም፣ ሽምግልናውም፣ እንግዳውም፣ ለቅሶውም እዚያ ነው። ከሩዋዩ ውጭ ፀሐይ የሚመታው የቀርከሃ መድረክ አለ፤ ታንጁ። እዚያ ላይ ቁንዶ በርበሬ ተሰጥቶ ነበር። ሽታው ወጥ ቤት አስመሰለኝ።

የዋይ አያት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ኢኒክ ይባላሉ፤ አያት ማለት ነው። ምንም ሳንል "በላችሁ?" አሉን። ያልበላን መስሏቸው ሳይሆን ሰላምታው ስለሆነ ነው። ዶሮ በቀርከሃ ውስጥ ተቀቅሎ፣ ጠረኑ የቅጠል የቅጠል እያለ መጣ። ቱዋክ የሚሉት የሩዝ ጠጅ ተቀዳ። ጣፋጭ ነው፤ እንደ ብርዝ አይታችሁ ጠጥታችሁ ስትነሱ ግን ጉልበታችሁን ትፈልጋላችሁ።

ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ነው። አንዲት ቡችላ መጥታ እግሬ ሥር ተኛች። እኔ ጨዋታ ላሳምር ብዬ ኮፍያዬን ራሷ ላይ ደፋሁና ፎቶ ላነሳ ስልኬን አወጣሁ። ሩዋዩ ጸጥ አለ። ኢኒክ ቀስ ብለው እጃቸውን ዘርግተው ኮፍያውን አነሱ። እንስሳ ላይ መቀለድ፣ ሰው ማስመሰል ነውር ብቻ አይደለም፤ ማዕበል ያመጣል፣ ቤቱንም ሰዉንም ድንጋይ ያደርጋል። እንዲህ ድንጋይ ሆኑ የሚባሉ ቋጥኞች በየወንዙ ዳር አሉ። ሰማሁ፣ አፈርኩ፣ ይቅርታ ጠየቅሁ። ኢኒክ ሳቁና "አይ፣ እንግዳ ነው፣ አያውቅም" አሉ። ግን አንድ ሁለት ሰው ወደ ሰማይ ቀና ሲል አይቻለሁ።

ማታ እንዲተርቱልን ዋይ ለመናቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉ። ተረት ከፈለጋችሁ ሬዲዮ አለ አሉ። በኋላ ግን ከየበሩ ሰው እየወጣ ምንጣፉ ላይ ሲቀመጥ እያዩ፣ ቅጠላቸውን በኖራ ቀብተው እያኘኩ ጀመሩ። እኔ እንዲቀዳ የከፈትኩትን ስልኬን የማስቀምጥበት ስፈልግ ሰዉ መሃል፣ ምንጣፉ ላይ ጣል አደረግኩት።

የተረቱት የፔላንዶክን ነው። ፔላንዶክ ጥንቸል የምታክል፣ ቀንድ የሌላት፣ ቀጭን እግር ያላት አጋዘን መሳይ እንስሳ ናት። ተንኮሏ እኛ አገር ለጦጣ የሰጠነውን ነው። እንስሳቱ ዓሣ ሊያጠምዱ ይሄዳሉ። ቱባ የሚባል ሥር ቀጥቅጠው ወንዙ ውስጥ ሲጨምሩት ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ይኼኔ እኔ "ብርብራ!" ብዬ ጮህኩ፤ ማንም አልገባውም። ዓሣውን ጭስ ላይ ያደርቁታል። በማግስቱ ከርከሮ እንዲጠብቅ ይቀራል። ጌርጋሲ የሚባል ግዙፍ ሰው በላ ጭራቅ ይመጣና ዓሣውን ሙልጭ አድርጎ ይበላል፤ ከርከሮም ይፈረጥጣል። በሌላው ቀን አጋዘን። በሌላው ድብ። ሁሉም ማታ ላይ ሰበብ ያቀርባል። በመጨረሻ ፔላንዶክ ልቅር ትላለች። ይስቁባታል።

ጌርጋሲ ሲመጣ እሷ ቁጭ ብላ ከቀጭን ሃረግ ቀለበት እየጎነጎነች እግሯ ላይ ታስራለች። ምን ታደርጊያለሽ ይላታል። "ለቁርጥማት መድኃኒት ነው፤ አባቴም አያቴም ይኼን አስረው ነው የኖሩት።" እሱን ደግሞ ያን ሰሞን አጥንቱን ይዞታል።

እዚህ ጋ ኢኒክ የአንገት ልብሳቸውን ፈቱና እጄን ያዙ። አንጓዬ ላይ ጠመጠሙት፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ጉልበቴን ጎትተው ከእጄ ጋር አገናኙት። "እዚህ ያምሃል? እዚህስ?" እያሉ፤ አንዴ እሳቸው ፔላንዶክ፣ አንዴ እኔ ጭራቁ። ሰዉ "ኛ መህ! ኛ መህ!" ይላል፤ እንዲያ ነው፣ ልክ ነው እንደማለት። ሕፃናቱ ተንጫጩ። እጃቸው ሻካራ ነበር፤ ጣታቸው ላይ የበርበሬው ሽታ ነበር።

ተረቱ ከተጀመረ አንስቶ ቆርቆሮውን ሲመታ የነበረው ዝናብ ከዚያ ወረደ። እንዲህ ያለ ዝናብ አይቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚገለበጥ ነው የመሰለኝ። ሁሉም ወደ ቡችላዋ ዞረ፣ ከዚያ ወደኔ። ኢኒክ ምንም አላሉም፣ ዓይናቸው ብቻ ሳቀ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። ሰዉ ተጠጋ፤ ጆሮ ለጆሮ ሆነን ጭራቁን ገደልነው። እኔ እስከ መጨረሻው አልተፈታሁም።

አራተኛ ቀን

የነቃሁት በሬዲዮ ነው። ኢኒክ ከበራቸው ፊት ትንሿን ሬዲዮ ከፍተው ሩዝ ያበጥራሉ። አቅራቢው ሲስቅ ይስቃሉ፤ ሰላምታ ሲያቀርብ "ኡም" ብለው ይመልሳሉ። ከዚያ ስለ አፓይ ሳሎይ አንድ ነገር ማውራት ጀመረ። አፓይ ሳሎይ፣ "የሳሎይ አባት"፣ ያ ሞኙ ሰውዬ ነው፤ ኢባኖችም እንደኛው ሰውን በልጁ ስም ይጠራሉ። አፓይ ሳሙማንግ የሚባል ብልጥ ባላንጣ አለው፤ ይኼኛውን ለራሴ አለቃ ገብረ ሃና አልኩት። ኢኒክ ወንፊቱን አስቀመጡና ሬዲዮውን በጣታቸው ጠቆሙት። "እንዲህ አይደለም!" አሉት። ተቆጥተው። አቅራቢው ቀጠለ፤ እሳቸውም የእሳቸውን ቀጠሉ። ሁለት ተረት ባንዴ።

እኛም ልጆች ሆነን አባባ ተስፋዬ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ "ጤና ይስጥልኝ ልጆች" ሲሉን ቆመን እንመልስላቸው ነበር። ይሰማሉ ብለን አምነን ነው። እኔማ አንድ ቀን ሳልመልስ ቀርቼ ተቀይመውኝ ይሆን ብዬ አዝኜ አውቃለሁ።

የቤቱ አለቃ መጡና ስለ ድሮው አወጉን። ልጅ ሳሉ በቤቱ ያለው አንድ ሬዲዮ ነበር። ባትሪ ድንጋዩ ውድ ስለሆነ ዜናውን ዘግተው ለተረቱ ሌሊት ያስቀምጡት ነበር። ሲደክም ታንጁው ላይ ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ያስመቱታል። ይኼኔ ነው ከልቤ የሳቅኩት፤ እኛ ቤት ጣሪያ ላይ ይሰጣ ነበር። ማታ ሲሆን ሃያ ሁለቱም በር ወጥቶ ሬዲዮውን ይከባል። ሩዋዩ ላይ ተራቹ አንድ ሳጥን ሆነ እንጂ ከባቢው ያው ነበር። "ኛ መህ" የሚሉት ለሳጥኑ ነው። በኋላ ሬዲዮ በየበሩ ገባ፣ ከዚያ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ስልክ፤ አሁን እያንዳንዱ በር ለብቻው ይስቃል።

አለቃው ካሴት አላቸው። አባታቸው ከሬዲዮ የቀዱት የኬሊንግ እንሰራ ነበር። ማጫወቻው ተገኘ፣ ካሴቱ ገባ። የወጣው የፍቅር ዘፈን ነው። ከወንድሞቻቸው አንዱ ጎረምሳ ሳለ ደርቦ ቀድቶበታል። ዘፈኑ አልቆ ሌላው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ የሽማግሌ ድምፅ ብቅ አለ፤ እየጎተተ የሚያዜም፣ ትንፋሹ የሚሰማ። እስከ ስምንት ቆጠርኩ። ከዚያ ጊታር። አለቃው መልሰው አጠነጠኑና ያችኑ አሰሙን። ሦስት ጊዜ። ወንድምየው አሁን ሲንጋፖር ይሠራል፤ ኢባን ወንድ ሀብትና ወሬ ፍለጋ መንገድ መውጣቱን በጃላይ ይለዋል፣ ክብር ነው። "ሲመጣ አሰማዋለሁ" አሉ። መስማቱ ቅጣት ይሁን ስጦታ ከፊታቸው አልለየሁትም።

ከሰዓት የእኔን ቅጂ ከፈትኩት። ዝናብ። 50 ደቂቃ ዝናብ። የኢኒክ ድምፅ ከመሃሉ ጠፍቷል። ቡችላዋን አየኋት፤ አየችኝ።

ስለዚህ ኢኒክን እንደገና ለመንኳቸው። በሩን ዘግተን፣ መስኮቱን ዘግተን፣ ፍራሽ በግድግዳው አስደግፌ፣ ትንሿን ማይክ ደረታቸው ላይ ሰካሁላቸው። እኔም ድምፅ እንዳላወጣ ትንፋሼን ውጬ ተቀመጥኩ። ኢኒክ ፔላንዶክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገሩኝ። አራት ደቂቃ። ከርከሮ ጠበቀ፣ አጋዘን ጠበቀ፣ ድብ ጠበቀ፣ ጭራቁ ታሰረ፣ ሞተ። ለቀበሌ ሪፖርት የሚያቀርቡ ነበር የሚመስሉት። "ጨረስኩ" አሉና ማይኩን ነቅለው ሰጡኝ። አኪ ትዝ አሉኝ። ራሴን መነቅነቅ እንኳ ረስቼ ነበር።

አምስተኛ ቀን

መመለሻ። ኢኒክ "ጋዩ ጉሩ፣ ግራይ ኛማይ" ብለው መረቁኝ፤ ዕድሜ፣ ጤና፣ ምቾት። ኮፍያዬን ራሴ ላይ እሳቸው ደፉልኝና ሁሉም ሳቀ። ጀልባ፣ መኪና፣ ዝናብ፣ ኩቺንግ። ላቻው ላይ ኑድል በላሁ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ስድስተኛ ቀን

አውሮፕላኑ ዘገየ። ዋይ ሸኝቶኝ ሄዷል። መጠበቂያው ውስጥ ጆሮ ማዳመጫዬን ሰካሁና መጀመሪያ የአራት ደቂቃዋን ሰማሁ። እንከን የለባትም። ሬዲዮ ላይ ነገ ብትለቀቅ አንድ ነገር መቁረጥ አያስፈልጋትም።

ከዚያ ዝናቡን ከፈትኩ። ላጠፋው ነበር፤ ቦታ ይይዛል። ግን ልማዴ ነውና ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ ወፍራሙን የዝናብ ድምፅ ትንሽ ቀንሼ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። የኢኒክ ቃል አንድም አይሰማም። ስልኩ ግን ሰዉ መሃል ነበር። አንድ ሰው ያስላል። አንድ ሕፃን የሆነ ነገር ይጠይቃል፣ እናቱ እሽ ትለዋለች። ቱዋክ ሲቀዳ ይሰማል። "ኛ መህ" ይላል አንዱ፣ ከቅርብ። ሳቅ። ዝናብ። ደግሞ "ኛ መህ"።

ወደ ሠላሳኛው ደቂቃ አካባቢ፣ እጄ ታስሮ በነበረበት ሰዓት መሆን አለበት፣ አንድ የማውቀው ድምፅ መጣ። ዋይ እስኪተረጉምልኝ እንኳ አልጠበቅኩም፣ ያኔም ማለቴን አላስተዋልኩም ነበር። የራሴ ድምፅ ነው፣ በአማርኛ፣ "እህ... ከዚያስ እማማ?" ይላል።

መልሼ ከፈትኩት። በረራው ተጠራ።